«የሴት ዘፈን ገበያ የለውም»፦ የኪቲ ዌልስ ሸክላና የ1952 ሰንጠረዥ



የአሜሪካን የካንትሪ ሙዚቃ ብዙዎቻችን የምናውቀው በጂም ሪቭስ፣ በኬኒ ሮጀርስና በዶሊ ፓርተን ድምፅ ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው እነሱ ስም ከማውጣታቸው በፊት ስለወጣች አንዲት ሸክላ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ሸክላዋ የተቀረጸችው ሜይ 3 ቀን 1952 በቴኔሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ ነው። ርዕሷ «ኢት ወዝንት ጎድ ሁ ሜድ ሆንኪ ቶንክ ኤንጅልስ» ሲሆን በአማርኛ «የመሸታ ቤት መላእክትን የፈጠረ እግዚአብሔር አይደለም» እንደ ማለት ነው። ያዜመችው ኪቲ ዌልስ ናት። በዚያው ዓመት ኦገስት 23 ቀን በወጣው የቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ ዘፈኑ አንደኛ ሆነ፤ ስድስት ሳምንትም ቦታውን ይዞ ቆየ። ካንትሪ ከማያዘወትሩ አድማጮች ዘንድም ተሻግሮ በፖፕ ሰንጠረዥ 27ኛ ደረሰ። በመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ ከ800,000 ቅጂ በላይ እንደወጣለት ይነገራል። ቢልቦርድ ለዚህ ሙዚቃ ሰንጠረዥ ማውጣት ከጀመረበት ከ1944 ወዲህ አንዲት ሴት ብቻዋን ዘፍና አንደኛ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንዲት ጎበዝ ሴት ድል ተደርጎ ነው። ድልነቱን አልክድም። የእኔ ነጥብ ግን ወደ አድማጩ ያዘነበለ ነው። በዚያ ዘመን የሸክላ ኩባንያዎችም፣ የትርኢት አዘጋጆችም «የሴት ዘፈን ገበያ የለውም» ይሉ ነበር። ስለ አድማጭ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ አድማጩን የጠየቀው ግን አልነበረም። በ1952 አድማጩ ተጠየቀ፤ መልሱም በቁጥር ተጻፈ። ዛሬ ማታ ይህ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፤ ቀጥዬም ያ ቁጥር የት ላይ እንደሚደክም ላሳይ።

መጀመሪያ ከዘፈኑ መንደር እንግባ። በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ እገዳ በ1933 ከተነሳ በኋላ፣ በተለይ በቴክሳስና በኦክላሆማ የነዳጅ ማውጫ አካባቢዎች፣ «ሆንኪ ቶንክ» የሚባሉ መሸታ ቤቶች በየአውራ ጎዳናው ዳር ፈሉ። የደመወዝ ቀን ሠራተኛው ወደዚያ ይጎርፋል። ቢራ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ጠብም አይጠፋም። በዚያ ጫጫታ ውስጥ የጥንቱ የገጠር ባንጆና ቫዮሊን አይሰማም ነበርና ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ምቱ ከበደ። ግጥሙም ተለወጠ። ስለ እናት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና በተራራ ላይ ስላለች ጎጆ ይዘፍን የነበረው ሙዚቃ ስለ ስካር፣ ስለ ክህደትና ስለ ፍቺ ማውራት ጀመረ።

ባንድ ለመቅጠር አቅም የሌለው መሸታ ቤት ጁክቦክስ ያቆማል። አምስት ሳንቲም ትጨምራለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ የመረጥከው ሸክላ ይዘፍንልሃል። ለታሪካችን ይህ መሣሪያ ትልቅ ቦታ አለው። ሬዲዮ ላይ የሚሰማውን የሚመርጠው የጣቢያው ሰው ነው፤ ጁክቦክስ ላይ ግን ሳንቲሙን የያዘው ሰው ነው። ከሳጥኑ ውስጥ የትኛው ሸክላ ብዙ ጊዜ እንደተጫወተ፣ የትኛውም አቧራ እንደጠጣ፣ የሳጥኑ ባለቤት ጠንቅቆ ያውቃል፤ እንጀራው ነውና።

ቢልቦርድ ይህን እውቀት ነው ወደ ሰንጠረዥ የለወጠው። መጽሔቱ ከ1894 ጀምሮ የመዝናኛውን ንግድ ሲከታተል የኖረ ነው። በጃንዋሪ 1944 በጁክቦክስ ብዙ ጊዜ የተጫወቱ «የሕዝብ ዘፈን» ሸክላዎችን ዝርዝር ማውጣት ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ ካንትሪን የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። በ1948 በሱቅ የተሸጡትን የሚቆጥር ሁለተኛ ዝርዝር ጨመረ። በ1949 ደግሞ የሬዲዮ አቅራቢዎች የሚያጫውቷቸውን የሚቆጥር ሦስተኛ መጣ። ስለዚህ የኪቲ ዌልስ ሸክላ ስትወጣ ሦስት የተለያዩ ቆጠራዎች ነበሩ። ሁለቱ ከሕዝብ ኪስ የወጣ ገንዘብን ይከተላሉ፣ አንዱ የሬዲዮ ሰዎችን ምርጫ። ቆጠራው ሱቅና የሳጥን ባለቤት በሚሰጡት መረጃ ላይ የቆመ ስለነበር እንከን አይጠፋውም፤ ቢሆንም በቢሮ ከተቀመጠ ሰው ግምት ይሻላል።

አሁን ወደ ግምቱ እንምጣ። ሴቶች በካንትሪ ሙዚቃ ውስጥ ያኔ የተፈጠሩ አልነበሩም። በ1927 በብሪስቶል ከተማ ከተቀረጹት የካርተር ቤተሰብ አባላት ሁለቱ፣ ሣራና ሜይቤል፣ ሴቶች ናቸው። በ1935 ፓትሲ ሞንታና ስለ ካውቦይ ፍቅረኛ የዘፈነችው ሸክላ በሰፊው ተሽጧል። በ1949 ማርጋሬት ዋይቲንግ ከጂሚ ዌክሊ ጋር በቅብብል ዘፍና አንደኛ ወጥታለች። ሆኖም ሴቷ የምትታየው ወይ ከቤተሰቧ ጋር፣ ወይ ከወንድ አጠገብ፣ ወይም በትርኢቱ መሀል ለማጣፈጫ ብቅ ብላ ነው። ዝነኛው ዘፋኝ ሮይ አኩፍ ራሱ ለኪቲ ባል «በሴት ስም ትርኢት አትጥራ» ብሎ እንደመከረ ይነገራል። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ በሥራው ዓለም የታወቀ ጥበብ መስሎት ነው። ጥበቡ ግን ራሱን በራሱ የሚያጸድቅ ነበር። ገበያ የለውም ተብሎ አይቀረጽም፤ ስላልተቀረጸ አይሸጥም፤ ስላልተሸጠም ገበያ እንደሌለው ይቆጠራል።

ኪቲ ዌልስ ማን ናት? ትክክለኛ ስሟ ኤለን ሙሪየል ዲሰን ነው፤ በ1919 ናሽቪል ተወለደች። በ1937 ጆኒ ራይት የተባለ ሙዚቀኛ አገባች። «ኪቲ ዌልስ» የሚለውን ስም ከአንድ የቆየ የሕዝብ ዘፈን ወስዶ ያወጣላት ባሏ ነው። እሱ «ጆኒ ኤንድ ጃክ» በሚባል ጥንድ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እሷም አብራ እየተጓዘች ትዘፍናለች። በ1949 እና በ1950 ለአርሲኤ ቪክተር ሸክላ ኩባንያ የቀረጸቻቸው ሸክላዎች አልሠመሩም። በ1952 የሦስት ልጆች እናት ነበረች፤ ሙዚቃውን ትታ ቤቷን ለመያዝም አስባ ነበር።

በዚያው ዓመት አገሩን ያጥለቀለቀው ዘፈን የሃንክ ቶምሰን «ዘ ዋይልድ ሳይድ ኦቭ ላይፍ» ነው። ቢልቦርድ ላይ 15 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ዘፈኑ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ሮሮ ነው። ትዳርን ትታ የመሸታ ቤትን ብርሃን መረጠች ይላል፤ የእንዲህ ዓይነቷን ሴት አፈጣጠርም ወደ እግዚአብሔር ያስጠጋዋል። ያሳዝናል፤ ዜማውም ከጆሮ አይወጣም። ሆኖም ነገሩን የሚናገረው አንድ ወገን ብቻ ነው። ባልየው ምን አድርጎ ነበር? በምን ምክንያት ሄደች? ዘፈኑ ውስጥ መልስ የለም።

ክራውሊ በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ጄይ ሚለር የሚባል ግጥም ደራሲና ሸክላ አሳታሚ ነበር። ይህን ዘፈን ሰምቶ መልስ ጻፈለት። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በግጥም የተነካ ሰው በዚያው ዜማ ግጥም ሰጥቶ ይመልሳል። በአሜሪካም የመልስ ዘፈን የታወቀ የንግድ ዘዴ ነበር፤ የተወደደ ዘፈን ባለበት ጀርባው ላይ ተፈናጥጦ መሄድ ነው። ሚለር የወሰደው ዜማ የቶምሰንን ነው፤ የቶምሰንም ቢሆን የቶምሰን አልነበረም። የካርተር ቤተሰብ ለፍቅር ዘፈን፣ ሮይ አኩፍ ደግሞ በ1930ዎቹ ለመንፈሳዊ መዝሙር ተጠቅመውበታል። እንግዲህ አድማጩ የኪቲን ሸክላ ገና ሲሰማ ዜማውን ከቤተ ክርስቲያንም ከመሸታ ቤትም ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ቃሉ ነበር።

የመልሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ጁክቦክስ አጠገብ ተቀምጣ የወንዱን ዘፈን ትሰማለች፤ የራሷም ታሪክ ይመጣባታል። ከዚያ ጥፋቱን በሴት ብቻ ማላከክ ስህተት መሆኑን ትናገራለች። አግብተው ሳለ እንደ ላጤ የሚኖሩ ወንዶች ናቸው ብዙ ጨዋ ሴቶችን ለዚህ የዳረጉት፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን አትውቀሱት ትላለች። ልብ በሉ፣ ዘፈኑ መሸታ ቤትን አያወድስም፣ ትዳርንም አይነቅፍም። የሥነ ምግባር ሚዛኑ የቶምሰን ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ላይ ባልየውም እንዲቀመጥ መጠየቁ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የዴካ ሸክላ ኩባንያው ፖል ኮኸን ዘፈኑን ለኪቲ አቀረበላት። ብዙም አልጓጓችም። የመጣችው ለቀረጻ የሚከፈለውን የማኅበር ታሪፍ፣ 125 ዶላር፣ ለማግኘት እንደሆነ ኋላ ራሷ ተናግራለች። ቀረጻው የተካሄደው በቱሌን ሆቴል ውስጥ በነበረው የካስል ስቱዲዮ ነው፤ የደብሊው ኤስ ኤም ሬዲዮ ቴክኒሻኖች ያቋቋሙት፣ ናሽቪልን የሸክላ ከተማ ካደረጓት የመጀመሪያዎቹ ስቱዲዮዎች አንዱ ነበር። ድምጿን ስትሰሙ ቁጣ አታገኙበትም። ቀጥ ያለ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ በመዝሙር የተገራ ድምፅ ነው። አትጮኽም፣ አታለቅስም፣ አትሽኮረመምም፤ ምስክር ቃሉን እንደሚሰጥ ትናገራለች። ጉልበቱም ይህ ይመስለኛል። ቃሉ የሚከስ፣ ድምፁ የረጋ በመሆኑ አድማጭ «ቅናተኛ ናት» ብሎ ሊያልፋት አልቻለም።

ሸክላዋ ስትወጣ በረኞቹ ደነገጡ። ኤንቢሲ «ነውር ይነካዋል» ብሎ በሬዲዮ መረቡ እንዳይተላለፍ ከለከለ። የካንትሪ ሙዚቃ ዋና መድረክ የሆነው ግራንድ ኦል ኦፕሪም በመጀመሪያ እንድትዘፍነው አልፈቀደላትም። ስለ መሸታ ቤት ሴት የሚያወራው የወንዱ ዘፈን ግን በነፃ ይደመጥ ነበር። የተከለከለው ርዕሰ ጉዳዩ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በተከለከሉ፤ የተከለከለው ተናጋሪው ነው።

ክልከላው ሽያጩን አላስቆመውም። ለምን? አንደኛ፣ ጁክቦክስና ሱቅ የኤንቢሲ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ፣ አድማጩ ተለውጦ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዱ ሲዘምት ሴቷ ፋብሪካ ገባች፣ የራሷን ደመወዝ ያዘች። ጦርነቱ ሲያልቅ ከሥራዋ ተመልሳ ቤቷ እንድትቀመጥ ተነገራት። የአሜሪካ የፍቺ መጠን በ1946 ያን ጊዜ ታይቶ ከማያውቅ ደረጃ ደርሶ ነበር። የቶምሰን ዘፈን የወንዱን ቁስል ነካ፤ በሌላው ጎን ያለችው ሴት ግን በዚያ ዓመት ሬዲዮ ከፍታ የራሷን ታሪክ የሚናገር አላገኘችም ነበር። ሸክላዋን ገዝታ የምትወስደው፣ ሳንቲሟንም የምትጨምረው ይህቺ ሴት ናት ብዬ አምናለሁ። ወንዶችም ገዝተዋል፤ ስድስት ሳምንት አንደኛ መሆን በአንድ ወገን ብቻ አይሆንምና።

ከዚህ በኋላ የሆነው የቁጥርን አቅም ያሳያል። ኦፕሪ ዓመቱ ሳያልቅ ኪቲ ዌልስን አባል አደረጋት። ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ሴት መፈለግ ያዙ። በ1953 ጎልዲ ሂል፣ እሷም በመልስ ዘፈን፣ አንደኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ጂን ሼፐርድ ከፈርሊን ሃስኪ ጋር በተቀረጸ ዘፈን አንደኛ ሆነች። በ1961 ፓትሲ ክላይን ያንኑ ደረጃ ያዘች። በዚያው ዓመት ለዴካ የፈረመችው ሎሬታ ሊን ደግሞ መንገዱን ወደፊት ገፋችው። ኪቲ ወንድ የጻፈላትን ዘፍናለች፤ ሎሬታ የራሷን ጻፈች። ሰክረህ እንዳትመጣ ብላ ባሏን የምታስጠነቅቅበት ዘፈን በ1967 አንደኛ ወጣ። ስለ ወሊድ መከላከያ እንክብል የዘፈነችው በ1975 በብዙ ጣቢያዎች ታግዶ እንኳ አምስተኛ ደርሷል። የ1952ቱ ትምህርት እንደገና ሠራ ማለት ነው፤ የሬዲዮ ክልከላ ገዢን አያስቀርም።

እስካሁን ያልኩት ለቁጥር የሚቆም ክርክር ነው። አሁን ቃል እንደገባሁት ድክመቱን ላሳይ።

አንደኛው ድክመት፣ ቁጥር አንድን ግምት ሲያፈርስ ግምቱን ለዘለዓለም አይቀብረውም። ኪቲ ዌልስ ብቻዋን ዘፍና ሁለተኛ ጊዜ አንደኛ የወጣችው በ1961 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። በ2015 ደግሞ አንድ የሬዲዮ አማካሪ ተደማጭነት የሚፈልግ የካንትሪ ጣቢያ የሴቶችን ዘፈን ይቀንስ ብሎ በአደባባይ መከረ። ወንድ ዘፋኞችን በሰላጣ ቅጠል፣ ሴቶችን በላዩ ጣል ጣል በሚደረግ ቲማቲም መስሎ ተናገረ። ከባድ ቁጣ ተነሳበት። ነገር ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ ያው ፍርድ፣ ያው በአድማጭ ስም መናገር ተመልሶ መምጣቱን ልብ በሉ። ጣቢያው የሚያጫውተው የሚወደደውን ነው ይባላል፤ የሚወደደው ግን ሰው የሰማው ነው።

ሁለተኛው ድክመት ይከፋል። ሰንጠረዥ የሚቆጥረው ወደ ዓምዱ የገባውን ብቻ ነው። በ1944፣ ዝርዝሩ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ሉዊስ ጆርዳንና ናት ኪንግ ኮል፣ ሁለቱም ጥቁር ሙዚቀኞች፣ በዚሁ የሕዝብ ዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥተዋል፤ ጁክቦክሱ ሳንቲም እንጂ ቀለም አይለይማ። ኢንዱስትሪው ግን ለየ። የጥቁሮች ሙዚቃ ለብቻው ሰንጠረዥ ነበረው፤ በ1949 እሱ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ»፣ የነጮቹ «ካንትሪ ኤንድ ዌስተርን» ተብለው ድንበሩ ጸና። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥቁር ዘፋኝ፣ ቻርሊ ፕራይድ፣ የካንትሪን አንደኝነት እስኪይዝ 1969 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ጥቁር ሴት እዚያ የደረሰችው በ2024 ነው፤ ቢዮንሴ፣ ከኪቲ ዌልስ 72 ዓመት በኋላ።

የዘፈኑ ደራሲ ጄይ ሚለርም ይህን ውስብስብነት በራሱ ሕይወት ተሸክሞታል። በክራውሊ ስቱዲዮው እንደ ስሊም ሃርፖ ያሉ ጥቁር የብሉዝ ሰዎችን የቀረጸ እሱ ነው፤ በ1960ዎቹ የዘር መለያየትን የሚደግፉና ጥቁሮችን የሚሳደቡ ሸክላዎችን ያሳተመም እሱ ነው። ለተበደለች ሴት ጥብቅና የቆመ ግጥም ከዚህ ብዕር መውጣቱን መደበቅ አልፈለግሁም። ኪቲ ዌልስም የአብዮት ሰንደቅ ይዛ የተነሳች አልነበረችም። ከባሏ ጋር ከሰባ ዓመት በላይ በትዳር የኖረች፣ በጥጥ ቀሚሷና በጨዋነቷ የታወቀች ሴት ነበረች። እንዲያውም ነውረኛ የተባለው ዘፈን ተቀባይነት ያገኘው የዘፈነችው እሷ ስለሆነች ጭምር ነው፤ ሌላ ዓይነት ሴት ብትዘፍነው መንገዱ ይህን ያህል አይከፈትም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ኪቲ ዌልስ በ1976 ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ገባች፤ በ1991 የግራሚ የሕይወት ዘመን ሽልማት ተሰጣት። የ125 ዶላሯ ሸክላ ዛሬ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከተመረጡ ድምፆች መዝገብ ውስጥ አለች። ዘፋኟ በ2012፣ በ92 ዓመቷ፣ በተወለደችበት በናሽቪል አረፈች።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ ይዤ የምወጣው ነገር ይህ ነው። ሕትመት ላይ ያለን፣ ሬዲዮ ላይ ያለን፣ መድረክ የምናዘጋጅ ሰዎች «ይህ አድማጭ የለውም» ማለት ይቀናናል። ያንን ስንል ሁለት ጥያቄ ልንጠየቅ ይገባል፦ ለመሆኑ ቀርቦ ያውቃል? ከቀረበስ የቆጠረው ማነው፣ ማንንስ ከቆጠራው አስቀርቶ? በ1952 ለመጀመሪያው ጥያቄ አንዲት ሸክላ መልስ ሰጠች። ሁለተኛው ግን ገና አልተዘጋም።

ቤታችሁ ስትገቡ የሃንክ ቶምሰንን ዘፈን አስቀድማችሁ፣ የኪቲን አስከትላችሁ አድምጡ። ዜማው አንድ ስለሆነ ጆሯችሁ ቃሉ ላይ ብቻ ያርፋል፤ እኔ ይህን ያህል ጊዜ ወስጄ የተናገርኩትን እነሱ ስድስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይጨርሱታል።

አሁን ጥያቄና አስተያየት እቀበላለሁ፤ የማትስማሙ ካላችሁ ቅድሚያ ለእናንተ ነው።